ውኃ ያልጠጣው መደብ

፩

«አታጠጣው።»

አሠልጣኙ ኮሊን ይህችን አንዲት ቃል ተናግሮ እጁን ኪሱ ከተተና ከሜዳው ጀርባ የሚያልፈውን ወንዝ ማየት ጀመረ። አጥናፉ የውኃውን ጎማ እንደያዘ ቆሞ ቀረ።

ቃሏ የተነገረችው መስከረም ላይ ነው። ነገሩ የጀመረው ግን ሚያዝያ ላይ ስለሆነ፣ ሰውየውን ጎማውን እንዳስያዝነው ትንሽ እናቆየው። መቆም ለምዷል።

፪

አጥናፉ ወልደየስ የኦርድሻየር ክሪኬት ክለብ የሜዳ ኃላፊ ነው። ዕድሜው ሃምሳ ሰባት። በወጣትነቱ አዋሽ ዳር አንድ የጥጥ እርሻ ላይ ውኃ አጠጪ ነበር፤ የትኛው ቦይ መቼ እንደሚከፈት፣ የትኛው መደብ ስንት ሰዓት እንደሚጠጣ የሚወስን። እንግሊዝ አገር ከገባ በኋላ በዚህ ክለብ ሣር አጫጅ ሆኖ ተቀጠረ። ይኸው አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ፤ ስድስቱን በኃላፊነት። ሌላው ሰው ክሪኬትን ከወንበር ላይ ሆኖ ሲማር፣ እሱ ከሥር፣ ከአፈሩ ተማረው።

ጨዋታውን ለማያውቅ አንባቢ ይህን ያህል ይበቃዋል። ሜዳው ሰፊ ነው፤ ነገሩ የሚያልቀው ግን መሃሉ ላይ ባለ፣ ሃያ ሜትር በሦስት ሜትር በሆነ የተዳመጠ መሬት ላይ ነው። አንዱ ይወረውራል። ኳሷ መሬቱን ነጥራ ትሄዳለች። ሌላው በእንጨት ይመታትና ይሮጣል፣ ሩጫው ነጥብ ነው፤ ካልቻለ ይወጣል። መሬቱ እርጥበት ካለው ኳሷ ጨዋ ናት። ከደረቀ ያሰኛትን ታደርጋለች።

አጥናፉ ይህን መሬት «መደብ» ይለዋል፣ እንደ ጎመን መደብ። ጎን ለጎን አሥራ አንድ አሉ። አንዱ ላይ ሲጫወቱ ሌላው ያርፋል። ይረፍ ቢባል ነው እንጂ።

፫

ማረፍ የማይቻለው ውድድሩ ሦስት ስለሆነ ነው። እንግሊዞቹ ረጅም ረጅም ስም ሰጥተዋቸዋል፤ አጥናፉ ግን ቤቱ ሲያወራ «አራት ቀን»፣ «ሙሉ ቀን»፣ «ሦስት ሰዓት» ነው የሚላቸው።

አራት ቀኑ የጥንቱ ነው። ነጭ ለብሰው፣ ለምሳ እየወጡ፣ ለሻይ እየወጡ፣ አንዱን ጨዋታ አራት ቀን ይጫወቱታል። ከአሥሩ ክለቦች የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ወደ ሁለተኛ ዲቪዚዮን ይወርዳሉ። ሙሉ ቀኑ ጠዋት ተጀምሮ ማምሻውን ያልቃል። ሦስት ሰዓቱ ደግሞ ባለቀለም ልብስ፣ ሙዚቃና ቢራ ነው፤ ሰው የሚመጣው ለእሱ ነው።

በዓመቱ መጀመሪያ አጥናፉ የሦስቱንም መርሐ ግብር በአንድ ወረቀት ላይ አስፍሮ የዕቃ ቤቱ ግድግዳ ላይ ለጠፈው።

አሥራ አንድ መደብ።

ሠላሳ ዘጠኝ የጨዋታ ቀን።

ጥቂት አየውና ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

፬

ዓርብ። ዝናብ።

ቅዳሜ። ዝናብ።

እሑድ። ዝናብ።

ሰኞ። ፀሐይ ወጣች፤ መሬቱ ግን ረግረግ። ዳኞቹ በጫማቸው ጫፍ እየነካኩ አምስት ጊዜ ገብተው አምስት ጊዜ ወጡ። የዓመቱ የመጀመሪያው ጨዋታ አንድም ኳስ ሳይወረወር አለቀ።

አጥናፉና ሁለቱ ባልደረቦቹ በነዚህ አራት ቀናት ውስጥ ትልቁን ሸራ አሥራ ሰባት ጊዜ ጎትተው አልብሰዋል፣ አሥራ ሰባት ጊዜ ጎትተው ገፈዋል። ሸራው ላይ የተኛው ውኃ ከሸራው ይከብዳል። የአጥናፉ ቀኝ ጉልበት ያበጠው ያን ሰኞ ነው።

፭

መደብ ለመሥራት ከፈለግህ እንዲህ ነው።

ከጨዋታው አሥራ ሁለት ቀን ቀደም ብለህ ጀምር። ሣሩን አሳጥረህ እጨድ። በደንብ አጠጣ፤ ውኃው አራት ጣት ያህል መውረዱን በቢላ ወግተህ እይ። አንድ ቀን ተወው። ከዚያ ቀላሉን መዳመጫ፣ ቀጥሎ ከባዱን አምጣ። ቀስ በል፤ ከሰው እርምጃ የፈጠነ መዳመጫ መሬቱን ያቆስለዋል። ተንበርከክ። በጣትህ አንኳኳው። ድፍን ድምፅ ከሰጠህ ገና ነው፣ ቀጭን ድምፅ ከሰጠህ ደርሷል። እንደገና እጨድ። መስመሩን በነጭ ቀለም አስምር።

ተነሥ።

ለመነሣት አንድ እጅህን መሬቱ ላይ፣ ሌላውን ጭንህ ላይ አድርግ። እስከ ሦስት ቁጠር።

ተነሥ።

ሦስት ሜትር ወደ ጎን ሂድና ለሚቀጥለው ጨዋታ ሌላውን ጀምር።

፮

ናዲም ቃሲም ሠላሳ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ለክለቡ አሥራ አምስት ዓመት ወርውሯል። ፈጣን አይደለም። ኳሷን በጣቱ አሹሮ ይለቃታል፤ መሬት ስትነካ ወደ ጎን ትጠመዘዛለች። ተወልዶ ያደገው እዚያው ከተማ ነው፤ አባቱ አውቶቡስ ይነዱ ነበር።

ከአጥናፉ ጋር የተዋወቁት ጠዋት ጠዋት ከሁሉም ቀድመው የሚመጡት ሁለቱ ስለሆኑ ነው። ናዲም ሻዩን በፔርሙስ ይዞ ይመጣና መዳመጫው ላይ ይቀመጣል።

«ዛሬ የትኛው ነው?»

«አራተኛው።»

«ይጠመዘዝልኛል?»

«አስፋልት በለው። እስኪመሽ ትለፋለህ።»

«አንተ ሰውዬ፣ አንድ ቀን እንኳ አታዳላልኝም?»

«አንዴ ከጀመርኩ መቼ አቆማለሁ?» ይላል አጥናፉ፣ ሻዩን እየተቀበለ።

ያን ቀን ናዲም እስኪመሽ ለፋ። ግንቦትን በሙሉ ለፋ። ክለቡ በአራት ቀኑ ውድድር ሦስት ጨዋታ ተሸንፎ፣ ሁለት አቻ ወጥቶ ዘጠነኛ ሆነ።

፯

ሰኔ ሲገባ ሦስት ሰዓቶቹ መጡ። ዓርብ ዓርብ፣ አንዳንዴም በሳምንቱ መሃል፣ ከተሜው ከሥራ ወጥቶ ሜዳውን ይሞላዋል። ካሜራዎቹ ፊት ለፊት ስለተተከሉ ጨዋታው የግድ መሃለኛው፣ ስድስተኛው መደብ ላይ ይሆናል። ቴሌቪዥን ሌላውን አይወድም። በአምስት ሳምንት ውስጥ ሰባት ጊዜ ተጫወቱበት። ወርዋሪዎቹ የሚያርፉበት ቦታ የእግር ቅርጽ ይዞ ጎደጎደ።

ቅዳሜ ጠዋት አጥናፉ ከሜዳው ዳር የቢራ ኩባያና የድንች ጥብስ ይለቅማል፤ ከዚያ ስድስተኛው ላይ ተንበርክኮ ጉድጓዱን በአፈር ይደፍናል፣ ዘር ይበትናል፣ ያጠጣል። ዘሩ ሳይበቅል ዓርብ ይደርሳል።

ከሰባቱ ሁለቱን አሸነፉ። ከዚያ ውድድር ወጡ።

፰

እሑድ፣ ከምሳ በኋላ፣ ወጥ ቤት። ወይንሸት ሚስቱ ናት። በአረጋውያን መጦሪያ ስለምትሠራ ስለ ጉልበት ከማንም በላይ ታውቃለች።

ወይንሸት፦ ሐኪሙ ምን አለህ?

አጥናፉ፦ አሳርፈው አለኝ።

ወይንሸት፦ እና?

አጥናፉ፦ መስከረም ላይ አሳርፈዋለሁ።

ወይንሸት፦ አምናም መስከረም ብለኸኝ ነበር።

አጥናፉ፦ አምና ግራው ነው። ይሄ ቀኙ ነው።

ወይንሸት፦ ትቀልዳለህ። እዚያ እኔ ደግፌ የማስነሣቸው ሁሉ እንዳንተ ነበር የሚቀልዱት።

አጥናፉ፦ (ጉልበቱን ያሻል።)

ወይንሸት፦ ለምን አትተወውም? እውነቱን ንገረኝ እስቲ።

አጥናፉ፦ ከእያንዳንዱ ጨዋታ በኋላ ዳኞቹ ለሜዳው ውጤት ይሰጡታል። በስድስት ዓመት ውስጥ አንድም ጊዜ ዝቅተኛ ተሰጥቶኝ አያውቅም።

ወይንሸት፦ እሰይ። ይህን ካንተ ሌላ የሚያውቅልህ ማን አለ?

አጥናፉ፦ አሁን አንቺ አወቅሽልኝ።

ወይንሸት ሣቋን መቆጣጠር አልቻለችም። ሣቋ ሲያበቃ ግን ተነሥታ የበረዶ ከረጢት አመጣችና ጉልበቱ ላይ አስቀመጠች።

፱

ነሐሴ፣ ሙሉ ቀን። እዚህ ላይ ትንሽ ተስፋ ነበር። ሜዳቸው ላይ ካደረጉት አራት ጨዋታ ሦስቱን አሸንፈው ግማሽ ፍጻሜ ደረሱ።

ግማሽ ፍጻሜው በሰው ሜዳ ነበር። አጥናፉ ሬዲዮውን የማጨጃው ወንበር ላይ አስቀምጦ ዘጠነኛውን መደብ እያበጠረ ሰማ። በአራት ሩጫ ተሸነፉ። አራት። ሬዲዮውን ዘጋና የጀመረውን ጨረሰ።

ቀረ።

አራት ቀን።

አንድ ጨዋታ፣ ሜዳቸው ላይ፣ መስከረም አጋማሽ። ካሸነፉ ይተርፋሉ። አቻ ከወጡም ከተሸነፉም ይወርዳሉ።

፲

በነሐሴ መጨረሻ አንድ ጠዋት ናዲም ያለ ፔርሙስ መጣ።

«ሱፐር ግሉ የት ነው የምታስቀምጠው?»

«ምን ተሰበረ?»

ናዲም ቀኝ እጁን ዘረጋ። የሌባ ጣቱ ጎን ከጥፍሩ እስከ መገጣጠሚያው ተሰንጥቋል። በተሰነጠቀው ላይ የቆየ ሙጫ ጠቁሮ ደርቋል፤ መገጣጠሚያው ራሱ አብጦ አይታጠፍም።

«ይሄ ስንት ጊዜው ነው?»

«ከሐምሌ ጀምሮ። በፋሻ ብጠቀልለው ሕጉ አይፈቅድም፤ የሚወረውር ጣት ባዶውን መሆን አለበት። ሙጫው አንድ ሰዓት ያህል ይይዝልኛል።»

«ለሐኪሙ አሳየው እንጂ!»

«ሐኪሙ ካየው አያሰልፈኝም። አጥናፉ፣ የመጨረሻ ጨዋታዬ ነው። ልጆቼ አራቱን ቀን ሊያዩኝ ከትምህርት ቤት አስፈቅደዋል። ለማንም አትንገርብኝ።»

አጥናፉ መሳቢያውን ከፍቶ ሙጫውን ሰጠው። ናዲም ጥርሱን ነክሶ ጠብ ሲያደርገው አጥናፉ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ግድግዳው ላይ የሠላሳ ዘጠኙ ቀን ወረቀት አለ። ሠላሳ አምስቱ ተሰርዘዋል።

«አልናገርም» አለ።

፲፩

አሁን ሰውየውን ጎማውን እንደያዘ ወደተውነው ቦታ እንመለስ።

«አታጠጣው» አለ ኮሊን።

«የቱን?»

«ስድስተኛውን። የመጨረሻውን ጨዋታ እዚያ ላይ እናድርገው። ሦስት ሰዓቶቹ ጨርሰውታል፤ ላዩ ተበልቷል። ከዛሬ ጀምሮ ውኃ ካላየ በዘጠኝ ቀን ይሰነጠቃል። ኳሷ ትጠመዘዛለች። ናዲም ብቻውን በሁለቱም ዙር ሃያውንም ሰው ያስወጣልኛል።»

«ኮሊን፣ ከመጠን ያለፈ እንደሆነ ክለቡ ይቀጣል። የሚቀጥለውን ዓመት ከዜሮ በታች ነው የምትጀምሩት። ደግሞ ስንጥቅ የነካች ኳስ ሰው ትመታለች።»

«ትንሽ ብቻ። የሜዳው ባለቤት እኛ አይደለንም እንዴ?»

«አሥራ ዘጠኝ ዓመት ነው ያጠጣሁት።»

«አውቃለሁ። አዝዤህ ሳይሆን ለምኜህ ነው።» የኮሊን ዓይን ቀልቷል። ከሚያዝያ ወዲህ ሸሚዙ እየሰፋው ሄዷል። «የቀረኝ ናዲም ነው። አንተ ጠዋት ጠዋት አብረኸው ትውላለህ። ደህና ነው አይደል?»

ይህ ጥያቄ ነበር።

አጥናፉ እምቢ ለማለት ጉልበት ያስፈልገው ነበር። ጉልበቱ ያለቀው ሚያዝያ ላይ ነው።

«ደህና ነው» አለ።

ሄዶም ቧንቧውን ዘጋ።

፲፪

አንደኛ ቀን። ምንም።

ሁለተኛ ቀን። ሣሩ ጫፉ ላይ ቢጫ ሆነ።

ሦስተኛ ቀን። አምስተኛውንና ሰባተኛውን ሲያጠጣ፣ ነፋስ ጠብታ ወደ መሃል እንዳይወስድበት ስድስተኛው ላይ ሸራ ዘረጋበት። ውኃ እንዳያገኘው የሚከላከልለት መደብ በሕይወቱ ይህ የመጀመሪያው ነው።

አራተኛ ቀን። ወይንሸት «ምን ሆነሃል?» አለችው። «ደክሞኝ ነው» አላት። እውነት ነበር።

አምስተኛ ቀን። ናዲም ሻይ ይዞ መጣና ስድስተኛውን አየ። ማን እንዳዘዘ ገባው። ለማን ተብሎ እንደሆነም ገባው። ጣቱን ኪሱ ውስጥ አደረገ። አጥናፉ «ንገረው» አለው። ናዲም «አንተም አትንገረው» አለ። ሻዩ ሳይጠጣ ቀዘቀዘ።

ስድስተኛ ቀን። ክር የምታህል ስንጥቅ።

ሰባተኛ ቀን። የብር ሳንቲም የሚያስገባ ስንጥቅ።

ስምንተኛ ቀን። ጎማውን አንሥቶ እስከ ስድስተኛው ዳር ሄደ። ቆመ። ተመለሰ።

ዘጠነኛ ቀን።



፲፫

ዕጣውን እንግዶቹ አሸነፉ፤ መጀመሪያ መምታትንም መረጡ። እንዲህ ያለ መደብ ቀን በቀን ስለሚብስ ኋላ የሚመታ ነው የሚጎዳው። ኮሊን በረንዳው ላይ ቆሞ ግንባሩን በመዳፉ ያዘ።

ናዲም ጥሩ ጀመረ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሰዎች ኳሷን እንደ በር ማጠፊያ አዙሮ አስወጣቸው፤ ልጆቹ ከወንበራቸው ተነሥተው ጮኹ። ከዚያ አንድ ሰዓት ሞላ። ሙጫው ለቀቀ። አጥናፉ ከሜዳው ዳር፣ ከማጨጃው አጠገብ ቆሞ ነው ያየው፤ ኳሷ ከናዲም እጅ ቀጥ ብላ ወጣች፣ ቀጥ ብላ ነጠረች፣ ቀጥ ብላ ተመታች። ደግሞም። ደግሞም። ናዲም ጣቱን ሱሪው ላይ ሲጠርግ ነጩ ሱሪ ቀላ። አምበሉ ኳሷን ከእጁ ወሰደበት።

እንግዶቹ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ሩጫ አመጡ።

እንግዶቹም የራሳቸው ናዲም ነበራቸው፤ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ጣቱ ጤነኛ የሆነ ወርዋሪ። ለኦርድሻየር የደረቀው መሬት ለእርሱ ጠጅ ሆነለት። በሁለተኛው ቀን ስምንት ሰው አስወጣ። ኳሷ በነጠረች ቁጥር አቧራ ይነሣል፤ ተመልካቹ ማጉረምረም ጀመረ።

በሦስተኛው ቀን ከምሳ በፊት አንዲት ፈጣን ኳስ ስንጥቁን አግኝታ ከመሬት ተፈናጠረችና የኦርድሻየርን መቺ ከአንገቱ ሥር መታችው። ሰውየው በጉልበቱ ወደቀ። አጥናፉ እየሮጠ እንደሆነ ያወቀው ሜዳው ግማሽ ላይ ሲደርስ ነው፤ ጉልበቱን ረስቶት ነበር። መቺው ተነሥቶ ተቀመጠ፣ ሳለ፣ እጁን አውለበለበ። ዳኛው ወደ አጥናፉ ዞሮ አየው። አጥናፉ ወደ ዳር ተመለሰ።

ከሻይ በፊት አለቀ። በሁለቱ ዙር ድምር በመቶ አርባ አንድ ሩጫ ተሸነፉ። ኦርድሻየር ወረደ።

፲፬

በማግሥቱ ጠዋት፣ ጨዋታው ባያልቅ ኖሮ አራተኛው ቀን በሚሆንበት ሰዓት፣ ተቆጣጣሪዋ መጣች። የላኳት ውድድሩን የሚመሩት ናቸው። ባዶው ሜዳ ላይ ተንበርክካ የመኪናዋን ቁልፍ ስንጥቁ ውስጥ ከተተች። ቁልፉ እስከ አንገቱ ገባ።

«አቶ አጥናፉ፣ የእርስዎን ሜዳ ለስድስት ዓመት ለሌሎች ምሳሌ አድርጌ ሳሳይ ነበር» አለች።

«አመሰግናለሁ።»

«ምን ሆኖ ነው?»

«ውኃ አልጠጣም።»

«እሱንማ አያለሁ።» ተነሥታ ጉልበቷን አራገፈች። «ቅጹን እስከ እኩለ ቀን ሞልተው ይስጡኝ። የሚቀጣው እንደየጥፋቱ ነው። ውሳኔው የአሠልጣኝ ከሆነ ከሥራው ይታገዳል፤ ክለቡም ነጥብ ይቀነስበታል። የሜዳ ኃላፊው ብቻውን ያደረገው ከሆነ ፈቃዱን ያጣል፤ ክለቡ አይነካም። አንድ ስም ነው የሚጻፈው።»

«ሁለት ሦስት ሰው ቢሆንስ?»

«ቦታው ለአንድ ስም ብቻ ነው።»

፲፭

ሦስት ሰዎች ዕቃ ቤቱ ውስጥ ተቀምጠዋል።

ኮሊን የማዳበሪያ ጆንያ ላይ ነው። ቢሮውን ጠዋት ባዶ አድርጎ መጥቷል። «የእኔን ጻፍ» አለ። «አታጠጣው ያልኩህ እኔ ነኝ።»

«ክለቡ ነጥብ ይቀነስበታል» አለ አጥናፉ።

«ይቀነስበት። አንተ አሥራ ዘጠኝ ዓመትህን የምትጥልበት ነገር አይደለም።»

ናዲም በሩን ተደግፎ ቆሟል። ጣቱ አሁን በፋሻ ተጠቅልሏል። ከሚመጣው ዓመት ጀምሮ የክለቡን ታዳጊዎች እንዲያሠለጥን ተነግሮታል፤ ጉዳት ደብቆ መሰለፉ ከታወቀ ያ ይቀርበታል።

«የእኔን ጻፍ» አለ እሱም። «ኮሊን፣ ጣቴ ከሐምሌ ጀምሮ ሞቷል። ነግሬህ ቢሆን ኖሮ መሬቱን አታደርቀውም ነበር።»

ኮሊን ቀና ብሎ አየው። ቁጣ ይመጣል ብለው ጠበቁ። ኮሊን ግን እጁን ዘርግቶ የናዲምን የተጠቀለለ ጣት በቀስታ ያዘና መልሶ ለቀቀው።

«አንተ ታውቅ ነበር?» አለ ወደ አጥናፉ ዞሮ።

«አውቅ ነበር።»

«ስጠይቅህ ደህና ነው አልከኝ።»

«አልኩህ።»

ከውጭ የአንደኛው ባልደረባ ማጨጃ ይሰማል፤ ዳር ዳሩን እያጨደ ነው። ሣሩ ክለቡ መውረዱን አልሰማም።

«ቧንቧውን የዘጋሁት እኔ ነኝ» አለ አጥናፉ። «እጄ ነው የዘጋው።»

«እጅህን ማን አዘዘው?» አለ ኮሊን።

«ለማን ብሎ ታዘዘ?» አለ ናዲም።

አጥናፉ መነጽሩን አደረገ። ዓመቱን በሙሉ እንደዚህ ቀን ደክሞት አያውቅም፤ እንደዚህ ቀንም ልቡ ቀልሎት አያውቅም። ለምን እንደሆነ ራሱም አልገባው። ምናልባት እነዚህ ሁለት ሰዎች ከዚህ ዕቃ ቤት ወጥተው መሄድ ሲችሉ ስላልሄዱ ይሆናል። ቅጹን ጭኑ ላይ ዘርግቶ ከላይ ጀምሮ፣ በዚያ ጥንቁቅ የእጅ ጽሑፉ፣ አንድ በአንድ ሞላ።

የመደብ ቁጥር፦ ስድስት

ከጨዋታው በፊት ውኃ ያላገኘባቸው ቀናት፦ ዘጠኝ

ሆን ተብሎ ነው?፦ አዎ

የሞላው ሰው ስም፦ አጥናፉ ወልደየስ

ቅጹ የተሞላበት ቦታ፦ ዕቃ ቤት

የወሰነው ሰው (አንድ ስም ብቻ)፦